የላኩት ዳታ የት ገባ?

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር፣ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ የምሠራው አንድ ሐይቅ ላይ ነው። ውሃው ከዓመት ዓመት እየደፈረሰ ስለሆነ በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎችን አሠልጥኜ፣ ሴኪ ዲስክ (ውሃ ውስጥ እስከ ስንት ጥልቀት እንደሚታይ እየተለካ የውሃው ጥርት ማለት የሚታወቅበት ነጭና ጥቁር ሳህን) ሰጥቼ፣ በየሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ሐይቁ መሀል እየለኩ ቁጥሩን በስልክ እንዲልኩልኝ አደረኩ። ሲጀመር 60 ነበሩ፣ በአምስተኛው ወር 14 ቀሩ። ምን እንደምንሠራ ላስረዳቸው ብዬ ስብሰባ ጠራሁ፣ በጣም አቅልዬ 38 ስላይድ አዘጋጀሁ። ጥያቄ ሲባል ግን ሁሉም «ውሃው ይጠጣል ወይ?» ብቻ ነው የሚለው፣ እሱ የጥናቱ ዓላማ አይደለም ብዬ አለፍኩት። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ «እናንተ በምትለኩበት ሰዓት ምንም የለም፣ ነገሩ ያለው ጠዋት ነው» እያሉ ጊዜያችንን ወሰዱብን። አማካሪዬ ከሕዝብ የተሰበሰበ ዳታ ጆርናል አይቀበለውም ይለኛል። አሁን ደግሞ የውሃው ናይትሬት (ናይትሮጅን ያለበት፣ አልጌን የሚመግብ ውህድ) በ3 ዓመት ውስጥ ከ2 ወደ 4 ሚሊግራም በሊትር፣ ማለትም በእጥፍ መጨመሩን አግኝቻለሁ። ልናገር ወይስ ሰው ይደነግጣል? ሳይንስን ለማይገባው ሰው እንዴት ነው አቅልዬ የማስረዳው?»

ሰላም እህቴ። የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ቀድሜ ላንሳት፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁሉ የተንጠለጠሉት እሷ ላይ ነው። «ለማይገባው ሰው» ነው ያልሽው። እንዴ፣ ሰው እኮ ገብቶታል! አንቺ ውሃው እንዴት እየተቀየረ ነው ብለሽ ጠየቅሽ፣ እነሱ ደግሞ ይሄን ውሃ ልጄ ቢጠጣው ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ፣ ሁለቱም ደህና ጥያቄ ነው፣ ልዩነቱ የአንቺው በጀት አለው የነሱ የለውም። በዚህ ላይ አምስት ወር ሙሉ ቁጥር ሲልኩልሽ አንድ ቀን እንኳን «የላካችሁት ይሄን አሳየ» የሚል ነገር ከአንቺ ስለማግኘታቸው ደብዳቤሽ ውስጥ ብፈልግ አጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄው ነው። በየሳምንቱ ጀልባ ላይ ወጥቶ፣ ለክቶ፣ ልኮ፣ ቁጥሩ የት እንደገባ የማያውቅ ሰው ቢጠፋ ምን ይገርማል፣ የሚገርመው 14ቱ መቆየታቸው ነው።

እርግጥ ስለ ሰዎቹ ቁጥር ብዙ አትጨነቂ። ሕዝብ በሚሳተፍባቸው ፕሮጀክቶች ጥቂት ሰዎች ብዙውን ሥራ መሥራታቸው፣ አብዛኛው ሞክሮ መተዉ የተለመደ ነው፣ ኢንተርኔት ላይም በአካልም። የሚያሳስበው ሰዎቹ መቀነሳቸው ሳይሆን የቀነሱበት ምክንያት ነው።

አሁን ስለ አዛውንቱ ላውራሽ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ቀጥ ብዬ የተቀመጥኩት እዛ ጋ ስደርስ ነው። ጊዜያችንን ወሰዱብን ነው ያልሽው አይደል? እስቲ የእንግሊዝ በግ አርቢዎችን ታሪክ ስሚና ከዛ እንነጋገር።

በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ የጨረራው ደመና አውሮፓን አቋርጦ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ካምብሪያ የሚባለው ተራራማ አካባቢ ላይ ከዝናብ ጋር ወረደ። ሰኔ ላይ መንግሥት በግ ማንቀሳቀስም ማረድም ከለከለ፣ ባለሙያዎቹ ለሦስት ሳምንት ነው፣ ከዛ ሴሲየሙ (ከዝናቡ ጋር የወረደው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር) ይቀንሳል አሉ። ሦስት ሳምንቱ አለፈ፣ አልቀነሰም፣ እገዳው ተራዘመ፣ በመጨረሻዎቹ እርሻዎች ላይ የነበረው የተነሳው መቼ መሰለሽ፣ 2012 ላይ! ስሌቱ የተበላሸው ስለ ሴሲየም ቀድሞ የሚያውቁት በአብዛኛው ከሸክላማ አፈር የተገኘ ስለነበር ነው፣ ሸክላ ሴሲየምን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ከተያዘ ሣሩ ውስጥ ተመልሶ አይገባም። የካምብሪያ ተራራ ግን አሲዳማና የበሰበሰ ዕፅዋት የበዛበት አፈር ነው፣ እዛ ሴሲየሙ አይታሰርም፣ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ መልሶ ወደ አፈር እየዞረ ይኖራል።

ይሄ እንኳን ይሁን፣ ሳይንስ ይሳሳታል ይታረማል። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ባለሙያዎቹ ሴሲየም የሚይዝ ቤንቶናይት የሚባል ማዕድን መሬቱ ላይ በትነው ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ቦታውን በአጥር ከፋፍለው በጎቹን እዛ ውስጥ አስገቡ። አርቢዎቹ እነዚህ በጎች ክፍት ተራራ ላይ ነው የለመዱት፣ አጥር ውስጥ ከዘጋችሁባቸው ይከሳሉ፣ ውጤታችሁ አይረባም አሉ። ማን ይስማ! ሙከራው በኋላ ድምፁ ሳይሰማ ቀረ፣ ምክንያቱ አርቢዎቹ ያሉት ነበር፣ ግን ልክ ነበራችሁ ያላቸው አልነበረም። ብራያን ዊን የሚባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሄዶ ሲያናግራቸው ያገኘው ሳይንስ ያልገባው ሕዝብ ሳይሆን ሳይንቲስቶቹ እንዴት እንደሠሩ ቁጭ ብሎ ያየና ያየውን መሠረት አድርጎ እምነት ያጣ ሕዝብ ነው። በእርግጠኝነት ሦስት ሳምንት ብለው፣ ተሳስተው፣ አሁንም በዛው እርግጠኝነት ሌላ ነገር ሲናገሩ ነዋ ያያቸው።

ወደ ሐይቅሽ እንመለስ። አዛውንቱ «ነገሩ ያለው ጠዋት ነው» ሲሉ ምን አይተው ነው ብለሽ ጠይቀሻቸዋል? እኔ ሐይቅሽን አላየሁትም፣ ግን አንቺም እንደምታውቂው ሳያኖባክቴሪያ (ሰው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚለው) ሴሎቹ ውስጥ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት፣ ነፋስ በሌለበት ረጋ ባለ ሌሊት ወደ ላይ ይንሳፈፍና ጠዋት ውሃው ላይ ቀለም የተደፋ ይመስላል። ነፋስ ሲነሳ ወይ ከውሃው ጋር ይደባለቃል ወይ ወደ አንድ ዳርቻ ተገፍቶ ይከማቻል። የአንቺ ሰዎች ደግሞ እኩለ ቀን ላይ መሀል ሐይቅ ሄደው፣ በጀልባው ጥላ በኩል ዲስኩን ቀስ እያሉ አውርደው፣ ነጭና ጥቁሩ ሲጠፋ አንድ፣ መልሶ ሲታይ ሁለት ብለው አማካዩን ይጽፋሉ፣ አለካኩ ልክ ነው፣ እኔም አልነካውም፣ ግን ጠዋት ዳርቻ ላይ ያለውን ነገር ይሄ አለካክ ሊያየው አይችልም። ምናልባት አዛውንቱ ሌላ ነገር ነው የሚሉት፣ ምናልባትም ተሳስተዋል፣ ግን የሚጣራው በሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ሰዓቱንና ቦታውን እሳቸው ይንገሩሽ፣ ሳይነጋ አብረሻቸው ሂጂ፣ ናሙና ውሰጂ፣ ፎቶ አንሺ፣ ማታውን ነፋስ ነበረ አልነበረም መዝግቢ። ካልተገኘም አልተገኘም ብለሽ ለሳቸው መንገር ነው፣ እዛው ስብሰባ ላይ።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ቀድሞ መግቢያ በር ይፈልጋል። ስልካቸው ላይ ያለው ፎርም ቀን፣ ሰዓትና ጥልቀት ብቻ ከሆነ የሚጠይቀው፣ ሰው ሌላ ያየውን ነገር የት ይጻፈው? በ2007 ጋላክሲ ዙ የሚባል ፕሮጀክት የጋላክሲ ፎቶዎችን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ ሕዝቡ በቅርፃቸው እንዲለይ ሲጠይቅ ሃኒ ቫን አርክል የምትባል የኔዘርላንድስ አስተማሪ አንድ ፎቶ ላይ እንግዳ የሆነ ነገር አይታ ይሄ ምንድነው ብላ ጠየቀች። ማንም አያውቀውም ነበር። በጋላክሲ አጠገብ ያለ ግዙፍ የሚያበራ የጋዝ ደመና ሆኖ ተገኘ፣ በስሟም ተጠራ። ለመለየት ከተሰጣት ምርጫ ውስጥ ግን «ይሄ ምንድነው» የሚል አልነበረም፣ መጠየቂያ ቦታ ስለነበራት ነው የተገኘው። አንቺም ፎርምሽ ላይ «ሌላ ያያችሁት ካለ» የምትል አንዲት ሳጥን ጨምሪ፣ ፎቶም ይቀበል፣ ዋናው ግን የገባውን አንብቢው። የማይነበብ ሳጥን ካለመኖሩ ይብሳል።

ናይትሬቱ ጋ ስንመጣ፣ መናገሩን ተናገሪ፣ «በእጥፍ ጨመረ» ብለሽ ግን አይደለም።

ለምን ካልሽ 1995 ጥቅምት ላይ እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴው አዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ ብሎ አሳወቀ። ውሸት አልነበረም። ግን እጥፍ የተባለው ምን መሰለሽ፣ በድሮው እንክብል ከ7,000 ሴቶች አንዷ የነበረው በአዲሱ ከ7,000 ሁለት መሆኑ ነው። ሴቶቹ የሰሙት እጥፉን ብቻ ስለሆነ ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 13,000 የሚገመት ተጨማሪ ውርጃ መጣ። እርግዝናው ራሱ ከእንክብሉ የበለጠ የደም መርጋት አደጋ አለው እኮ። አንድም ሰው አልዋሸም፣ የተነገረው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

ስለዚህ «ከ2 ወደ 4» በይ፣ አጠገቡ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠውን 50 ሚሊግራም በሊትር አስቀምጪ። (ይሄን ሳትናገሪ በፊት ላብራቶሪው የሰጠሽ ቁጥር እንደ ናይትሬት ነው ወይስ እንደ ናይትሬት ናይትሮጅን (ናይትሬቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ተቆጥሮ) የሚለውን አረጋግጪ፣ በሁለተኛው ከሆነ ወሰኑ ወደ 11 ነው የሚወርደው፣ ስንት ሪፖርት በዚህ ተበላሽቷል መሰለሽ።) ከዛ ሁለተኛውን ግማሽ ጨምሪበት፦ ለመጠጥ ከተቀመጠው ወሰን በጣም በታች ነው ማለት ለሐይቁ ምንም አይደለም ማለት አይደለም፣ አልጌ ለመብዛት 50 አይጠብቅም፣ እኛም ክትትላችንን የምንቀጥለው ለዚህ ነው። ሁለቱንም አብሮ መስማት ለሰው አይከብደውም። የሚከብደው አንዱ ተደብቆበት በኋላ ከሌላ ቦታ ሲሰማው ነው።

«ይጠጣል ወይ» ለሚለውም መልስ አለሽ፣ የጥናቱ ዓላማ አይደለም ማለት ግን መልስ አይባልም። በይ፦ እኛ የለካነው ናይትሬትንና ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ ነው፣ ባክቴሪያ አልለካንም፣ የአልጌ መርዝም አልለካንም፣ ስለዚህ ይጠጣል ልንላችሁ አንችልም፣ አይጠጣምም ልንላችሁ አንችልም። ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም አምስት ወር ሙሉ ዲስክ ሲያወርዱ የከረሙ ሰዎች ዲስኩ ጠልቆ ሲታይ ውሃው ደህና ነው ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ማፍላት ተህዋስያንን እንደሚገድል፣ ናይትሬትንና የአልጌ መርዝን ግን እንደማያስወግድ ንገሪያቸው፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ናይትሬቱ ይወፍራል። ከዛ ባክቴሪያውን የሚመረምረው አካል ማን እንደሆነ ፈልገሽ አገናኚያቸው፣ ከተቻለ በሚቀጥለው ዙር ራስሽ ጨምሪው። ከሁሉም ሰው የመጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ እኮ ለገንዘብ ማመልከቻ የሚሆን ትልቅ ምክንያት ነው፣ በነፃ ነው የሰጡሽ።

አደራ ግን ሰው እንዳይደነግጥ ብለሽ ብቻ «ችግር የለም» እንዳትዪ። በ2009 ጣሊያን ላኩዊላ ከተማ ለወራት ትናንሽ መንቀጥቀጦች ነበሩ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ባለሙያዎች ተሰበሰቡ፣ የሲቪል መከላከያው (የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ) ምክትል ኃላፊ ለጋዜጠኛ ሁኔታው ጥሩ ነው፣ ጉልበቱ እየወጣ ነው ብሎ አረጋጋ። በስድስተኛው ቀን ሌሊት ዋናው መጣ፣ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። እዛ አገር ሰዉ መሬት ሲነቃነቅ ቤቱን ለቆ ውጭ የማደር የቆየ ልማድ ነበረው፣ በኋላ ቤተሰቦቻቸውን ያጡ ሰዎች ያን ሌሊት ተረጋግተን ነው ቤት ያደርነው አሉ። ሳይንቲስቶቹ ተከሰው 2012 ላይ ተፈረደባቸው፣ 2014 ላይ ይግባኝ ሰሚው ነፃ አወጣቸው። የክሱ ነገር ብዙ አከራክሯል እሱን ተይው፣ ለአንቺ የሚሆንሽ ሰዉ የራሱ ጥንቃቄ እንደነበረውና ማረጋጊያው እሱን እንዳስጣለው ነው።

አማካሪሽን በተመለከተ፣ ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፣ ግን «ጆርናል አይቀበለውም» የሚለው ነገር አልፎበታል። የገና የወፍ ቆጠራ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ ከ1900 ጀምሮ ሳይቋረጥ በበጎ ፈቃደኛ ይሠራል፣ በሱ ዳታ ስንት ጥናት ታትሟል። ታንዛኒያ ውስጥ ሴሬንጌቲ ፓርክ ላይ ከተተከሉ ካሜራዎች የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የፎቶ ስብስቦችን እንስሳውን የለዩት ተራ ሰዎች ናቸው፣ አንዱን ፎቶ ብዙ ሰው እንዲያየው ተደርጎ የብዙዎቹ መልስ ሲወሰድ ከባለሙያዎች መልስ ጋር 96.6 በመቶ ተስማማ። ማለትም ጥያቄው ሕዝብ ነው ወይስ ባለሙያ የሰበሰበው የሚለው ሳይሆን ስህተቱ ይታወቃል ወይ ነው። አንቺም አሳውቂው፦ በወር አንዴ ሁለት ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሳይተያዩ ይለኩ፣ አንቺም አብረሽ ለኪ፣ ልዩነቱን መዝግበሽ ወረቀቱ ላይ በግልጽ አውጪው። ከተለመደው የወጣ ቁጥር ሲመጣ ዝም ብሎ መሰረዝ አይሁን፣ ደውለሽ ጠይቂ፣ አንዳንዴ ስህተት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ያን ቀን ጎርፍ ገብቶ ነበር ይሉሻል። አማካሪሽ ይሄን ሠንጠረዥ አይቶ እምቢ ካለ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

ስላይዱ... 38 አይባልም በቃ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ግራፍ ይበቃል፣ መጀመሪያ ያገኘነው ይሄ ነው ብለሽ ጀምሪ፣ እንዴት እንደለካችሁ ከጠየቁ በኋላ ይመጣል (የኛ ሰው ጆርናል ላይ እንደሚጽፈው መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት ብሎ ሲናገር አዳራሹ ውጤት ላይ ሳይደርስ ይተኛል)። ግራፉን የሚያስረዳው ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ ከ14ቱ አንዱ ይሁን። ጎረቤቱ ሲጠይቀው ምን እንደሚመልስ አዳምጪ፣ የት ጋ እንደሚደናገር ማስታወሻ ያዢ፣ የማስረዳት ኮርስ ከመውሰድ በላይ ይጠቅምሻል። ከስብሰባው በፊት ግን፣ በዚህ ሳምንት፣ ለ60ዎቹም ላኪ፣ ለቀሩት ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥሮች በአንድ መስመር፣ የሌሎቹን በሌላ ቀለም፣ ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ «እስካሁን ይሄን ይመስላል፣ ይሄኛው ቦታ ለምን ከሌሎቹ እንደደፈረሰ አላወቅንም፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?» ገና ያላለቀ ውጤት መላክ ይከብድሻል አውቃለሁ፣ ያላለቀ መሆኑን ጻፊበት።

አንድ ነገር ደግሞ አልነገርሽኝም። ዶክትሬትሽ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ዲስኮቹ የማን ናቸው፣ ዳታው ማን ጋ ይቀመጣል፣ ሰዎቹ መቀጠል ቢፈልጉ ለማን ይልካሉ? ወረቀቱ ሲታተም ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? (አንዳንዱ በደስታ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከባለሥልጣን ወይ ከጎረቤት ጋር ያጣላኛል ይላል፣ የሚለካበት ቦታ ካርታ ላይ መውጣቱም እንደዛው።) ይሄን አንድ በአንድ ጠይቂያቸው፣ መልሳቸውንም ጽፈሽ ያዢ፣ የሚያልቅበትን ወርም አሁኑኑ ንገሪያቸው። በመሀል ተነስተሽ የሄድሽ እንደሆነ ከአንቺ ቀጥሎ ለሚመጣው ተመራማሪ በር የሚከፍትለት አይኖርም።